የምድጃ ጭስ፣ የቆሸሸ አየርና የጡት ካንሰር፦ ምን ያህል ያሰጋል?

ለጤና ትምህርት ከብሎክ ብሎክ ስዞር በተደጋጋሚ የምሰማው ጥያቄ አለ። «ጭስ የጡት ካንሰር ያመጣል ይባላል፤ እውነት ነው ወይ?» የምጠየቀው ብዙውን ጊዜ ምድጃ አጠገብ ነው። አንዷ በስልኳ ያየችውን ታሳየኛለች፣ ሌላዋ ውጭ አገር ያለች እህቷ በድምፅ መልእክት ነግራታለች። መልሱ «አዎ» ወይም «አይ» ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚያው ተናግሬ እሄድ ነበር።

ለቸኮለ ባጭሩ ይኸው፦ የቆሸሸ አየር የጡት ካንሰርን ዕድል ከፍ እንደሚያደርግ የሚያመለክቱ ጥናቶች እየበዙ መጥተዋል። ጭማሪው ግን ለአንዲት ሴት ሲሰላ ትልቅ አይደለም። እኛ ባለንበት ኑሮ የጡት ካንሰርን ገዳይ የሚያደርገው ከጭሱ ይልቅ መዘግየት ነው። ሁለቱንም በየተራ እሄድባቸዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጭሱ ውስጥ ያለው ነገር

እንጨት፣ ከሰል፣ ኩበት ወይም ፌስታል በደንብ ሳይነድ ሲቀር የሚወጣው ነገር በዓይን ከምናየው በላይ ነው። ዋናው ጎጂ ፒኤም 2.5 የሚባለው ደቃቅ ብናኝ ነው። አንድ ሚሊ ሜትርን ሺህ ቦታ ብትከፍሉት፣ የዚህ ብናኝ ስፋት ከዚያ 2.5 ቢሆን ነው። የሰው ፀጉር ከ50 እስከ 70 ይሆናል። ስለዚህ አንድ ፀጉር ለማከል ሃያና ከዚያ በላይ ብናኝ ጎን ለጎን መሰለፍ አለበት። አፍንጫም ጉሮሮም አያስቀሩትም፤ ሳንባ ጥግ ድረስ ይወርዳል፣ በጣም ደቃቁ ደግሞ ወደ ደም ይገባል።

ብናኙ ባዶውን አይጓዝም። ፓህ በሚል አጭር ስም የሚጠሩ ኬሚካሎችን ተሸክሞ ነው የሚገባው። በሲጋራ ጭስ ውስጥ ያለው ቤንዞፓይሪን ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ያው ነገር በእንጨት ጭስም አለ። እነዚህ ኬሚካሎች በስብ ይሟሟሉ፤ ጡት ደግሞ ብዙ ስብ ያለበት አካል ነው። ሰውነት ሊያስወግዳቸው ሲሰባብራቸው የሚፈጠረው ነገር የሴሉ ዘረ መል ላይ ተጣብቆ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። አንዳንዶቹም የሴትነት ሆርሞን የሆነውን የኤስትሮጅንን ሥራ ያዛባሉ። ጭስ የሚነካው ሳንባን ብቻ ነው የሚለው ሐሳብ የማያስኬደው በዚህ ምክንያት ነው።

በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ ያለው የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2013 የውጭ አየር ብክለትን «በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ» ብሎ መድቦታል። ልብ በሉ፣ ይህን ያለው በዋናነት በሳንባ ካንሰር ማስረጃ ተነሥቶ ነው። ቤት ውስጥ የሚነድ የእንጨት ጭስን ደግሞ አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጎ «ካንሰር የማምጣቱ ዕድል ከፍ ያለ» የሚለው ውስጥ አስገብቶታል። ቤት ውስጥ የሚነድ የድንጋይ ከሰል ግን ከተረጋገጠው መደብ ነው። እዚህ ላይ የአማርኛችን ነገር ያሳስታል። «ከሰል ካንሰር ያመጣል» ተብሎ የሚዞረው መልእክት ብዙውን ጊዜ የሚያወራው ቻይና ውስጥ ከመሬት ተቆፍሮ ስለሚወጣው የድንጋይ ከሰል ነው፤ እኛ ቡና ስለምናፈላበት የእንጨት ከሰል አይደለም። የእንጨት ከሰልም ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም።

ጥናቶቹ ምን አገኙ

በትልቅነቱ የሚጠቀሰው በ2023 የወጣው የአሜሪካ ጥናት ነው። በስድስት ክፍለ ግዛቶችና በሁለት ከተሞች የሚኖሩ 196,905 ሴቶችን ሃያ ዓመት ገደማ ተከታትሏል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከ15,000 በላይ የሚሆኑት የጡት ካንሰር ያዛቸው። አጥኚዎቹ የተመለከቱት የዛሬውን አየር ሳይሆን ሴቶቹ ጥናቱ ውስጥ ከመግባታቸው ከ10 እስከ 15 ዓመት በፊት በሚኖሩበት አካባቢ የነበረውን ነው፤ ካንሰር ዛሬ ተጀምሮ ነገ የሚታይ በሽታ አይደለምና። የአየሩ ብናኝ በአንድ ሜትር ኩብ በ10 ማይክሮ ግራም በጨመረ ቁጥር የጡት ካንሰሩ በ8 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ጭማሪው የታየው በኤስትሮጅን በሚያድገው የካንሰር ዓይነት ላይ ነው። ሆርሞን ስለማዛባት ከላይ ካልኩት ጋር ይገጥማል።

በዚያው ዓመት ማድሪድ በተደረገ የአውሮፓ የካንሰር ሐኪሞች ጉባኤ የፈረንሳይ ተመራማሪዎችም ውጤታቸውን አቀረቡ። ካንሰር የያዛቸውን 2,419 ሴቶች ካልያዛቸው 2,984 ሴቶች ጋር አነጻጽረው፣ ለተመሳሳይ የብናኝ ጭማሪ 28 በመቶ ከፍታ አግኝተዋል። በቁጥር ከአሜሪካኑ ይለያል፣ አቅጣጫው ግን ያው ነው።

እነዚህ ሁለቱ የመኪናና የፋብሪካ አየርን የሚመለከቱ ናቸው። የእንጨት ጭስስ? ጡት ካንሰር የያዛት እህት ያሏቸውን 50,000 ያህል የአሜሪካ ሴቶች የሚከታተል ሌላ ጥናት በ2017 ይህን ጠይቆ ነበር። ቤታቸው ውስጥ የእሳት ማንደጃ ኖሯቸው በሳምንት አንዴና ከዚያ በላይ የሚያነዱት፣ ከማያነዱት ይልቅ በ17 በመቶ ከፍ ያለ የጡት ካንሰር ታይቶባቸዋል። በኒውዮርክ ሎንግ አይላንድ የተደረገና በ2014 የወጣ ጥናት ግን እንጨት ብቻ የሚያነዱት ላይ ልዩነት አላገኘም፤ ያገኘው ከፋብሪካ የሚወጣ፣ ከመጋዝ ብናኝና ከሰም የተሠራ ማገዶ በሚያነዱት ላይ ነው። ማስረጃው ተጠናቋል ያልልኩት ለዚህ ነው። አንዱ ያገኘውን ሌላው ሳያገኝ ሲቀር ሳይንሱ ገና መንገድ ላይ ነው ማለት ነው። «ተረጋግጧል!» ብሎ በቴሌግራም የሚለጥፍ ሰው ከአጥኚዎቹ በላይ ያውቃል ማለት ነው።

አሁን ስለ በመቶው። 8 በመቶ ሲባል ከመቶ ሴት ስምንቷ ትታመማለች ማለት አይደለም። ለምሳሌ ያህል ከ1,000 ሴቶች በዕድሜ ዘመናቸው 30ዎቹ የጡት ካንሰር የሚይዛቸው ቢሆን፣ 8 በመቶ ጭማሪ ማለት 30ው ወደ 32 ከፍ አለ ማለት ነው። 17 በመቶ ከሆነ 35 ይሆናል። ለአንዲት ሴት ትንሽ ነው፣ ለአገር ሲቆጠር ግን ብዙ ሕዝብ ነው።

«እነሱ ጭስ ማውጫ ባለው ቤት በሳምንት አንዴ አንድደው 17 በመቶ ከሆነ፣ እኛ በቀን ሦስቴ በሸራ ቤት ውስጥ ስናነድ ስንት ሊሆን ነው?» ብላ የጠየቀችኝ ሴት አለች። ጥያቄዋ ብልህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአማካይ ዓመቱን ሙሉ ከ5 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ አየር በማይገባበት ቤት ውስጥ ያለ የምድጃ ጭስ ግን ከሚፈቀደው መቶ እጥፍ ሊደርስ እንደሚችል ራሱ ድርጅቱ ይናገራል። ሆኖም ቁጥሩን በቀጥታ ማባዛት አይቻልም። በሌሎች የጭስ በሽታዎች እንደታየው ብናኙ መቶ እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ መቶ እጥፍ አይሆንም፤ ወደ ላይ እየሄደ ሲመጣ ጭማሪው ይለዝባል። ደግሞም ጭሱ ብቻ አይደለም የሚወስነው። ከ30 አገሮች 47 ጥናቶችን በአንድ ላይ የመረመረ ሥራ በ2002 እንዳሳየው፣ አንዲት እናት ባጠባችበት በእያንዳንዱ ዓመት የጡት ካንሰር ዕድሏ በ4.3 በመቶ ይቀንሳል፤ እያንዳንዱ ወሊድ ደግሞ በ7 በመቶ። አራት ልጅ ወልዳ ሁለት ሁለት ዓመት ያጠባች እናት በዚህ በኩል ጥሩ ጋሻ አላት። አልኮል በበኩሉ ዕድሉን ከፍ እንደሚያደርግ የተረጋገጠ ነው፤ ጠላውም፣ አረቄውም፣ ቢራውም። ዕድሜና በቤተሰብ ውስጥ በሽታው መኖሩ ከእነዚህ ሁሉ በላይ ይመዝናሉ።

ከእናቶች ይልቅ የምሰጋው ለልጃገረዶቹ ነው። ጡት በማጎጥጎጥ ጊዜና ከመጀመሪያው ልጅ በፊት ባሉት ዓመታት የጡት ሴሎች ገና አልጠነከሩም፤ በፍጥነት ይባዛሉ፣ ጉዳትም ይዘው ይቀራሉ። ይህ በደንብ የታወቀው ከሌላ መከራ ነው፦ ከሂሮሺማና ከናጋሳኪ የአቶሚክ ቦምብ ከተረፉት ሴቶች ውስጥ በኋላ ዘመን የጡት ካንሰር ይበልጥ የጠናባቸው በልጅነትና በወጣትነት ጨረሩ ያገኛቸው ነበሩ። ጭስ ጨረር አይደለም። ነገር ግን የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጅ ከትምህርት ቤት መልስ ምድጃ ሥር የምትቀመጠው በዚያው ስስ ዕድሜዋ ነው።

ጭሱን ለመቀነስ

ይህን ክፍል ስጽፍ «ጋዝ ተጠቀሙ» ብሎ መጨረስ ቀላል ነበር። ሲሊንደር የሚሞላበት ገንዘብ ቢኖርማ ማን ጭስ ይወድ ነበር? ራሽን ተሽጦ ማገዶ በሚገዛበት ቦታ ለሚኖር ሰው የሚሆነውን ልናገር።

ከሁሉ የሚበልጠው ማንደጃውን ከመኝታ መለየት ነው። ከቻላችሁ ውጭ፣ ካልቻላችሁ ሦስት ጎኑ ክፍት በሆነ ዳስ ሥር። ቤት ውስጥ መሆኑ ግድ ከሆነ አንድ ክፍት ቦታ አይበቃም፤ በታች በኩል አየር የሚገባበት፣ በላይ በኩል ጭስ የሚወጣበት ሁለት ያስፈልጋል። እርጥብ እንጨት ከደረቅ ይልቅ ብዙ እጥፍ ያጨሳል፤ ስለዚህ ዛሬ የመጣ እንጨት ዛሬ አይነድ፣ ተሰንጥቆ ፀሐይ ላይ ይቆይ። ካኩማ ያላችሁ ማቴንጌ የምትሉት እሾሃማ ዛፍ ሲደርቅ ጥሩ ፍም አለው፤ እርጥቡ ግን ዓይን ያጠፋል። ባቄላውንና አተሩን ማታ ዘፍዝፉት፣ ድስቱን ክደኑት፤ እሳቱ የሚቆይበት ሰዓት ሲያጥር የምትተነፍሱትም ያጥራል። እንጀራ የሚጋግሩ ሁለት ሦስት ሴቶች ተራ ገብተው በአንድ ምጣድ ቢጋግሩ ምጣዱ በየቤቱ እስኪግል የሚባክነው እንጨት ይተርፋል። ይህን የሚያደርጉ ብሎኮች አይቻለሁ፤ ወሬውም አይጎድል።

እሳት ለማያያዝ ፌስታል፣ የጎማ ቁራጭ ወይም የዘይት ጀሪካን መጠቀም ግን ፈጽሞ ይቅር። ፕላስቲክ ሲቃጠል ከእንጨት የከፋ መርዝ ያወጣል፤ እሱን ደግሞ ምግቡ ሥር ነው የምናደርገው። ደረቅ የበቆሎ እሸት ቆረቆንዳ ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ ይሠራል። ኩራዝም ቀላል ነገር አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ላምባ በቤት ውስጥ እንዳይነድ ይመክራል። ትንሽ የፀሐይ መብራት የምትገኝ ከሆነ ለእሱ ቅድሚያ ስጡ።

ከሰል ከእንጨት ይልቅ ጭሱ ያነሰ ስለሆነ ደኅና ይመስላል። ብናኙ በእርግጥ ያንሳል፣ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ይበዛል። በብርድ ሌሊት ፍም የያዘ ማንደጃ መኝታ ቤት አስገብቶ በር መዝጋት በካንሰር ሳይሆን በዚያው ሌሊት ይገድላል። ከርዕሱ ወጥቼ የምናገረው በየዓመቱ የሚደጋገም ስለሆነ ነው።

ቡናና ዕጣኑን ተዉ ልላችሁ አልመጣሁም። ዕጣንም ጭስ ነው፣ ብናኝ አለው፤ በር ከፍታችሁ፣ ሕፃኑን አርቃችሁ አጭሱ። በጨርቅ አፍ መሸፈን ግን ብዙ አይጠቅምም። ብናኙ ከጨርቁ ቀዳዳ በጣም ያንሳል።

ስለ «የተሻሻለ ምድጃ» አንድ ነገር ልጨምር፤ ድርጅቶች ሲያድሉ ሁሉን የሚፈታ አስመስለው ነው። እንጨት ይቆጥባል፣ ይህም ማገዶ ፍለጋ ርቆ ከመሄድና እዚያ ከሚያጋጥመው ጥቃት ያድናልና ለብቻው ትልቅ ነገር ነው። ጤናን በተመለከተ ግን ማላዊ ውስጥ ከ10,000 በላይ ሕፃናት የተከተለ ትልቅ ሙከራ፣ ንጹሕ የተባለው የእንጨት ምድጃ የሳንባ ምች እንዳልቀነሰ አሳይቷል። እንጨት ያው እንጨት ነው፤ በዙሪያው የሚቃጠለው ቆሻሻና የጎረቤት ጭስም አለ። ነዳጁ ራሱ ሲለወጥ ነው ልዩነቱ የሚታየው። በጂግጂጋ አካባቢ ባለው የቀብሪበያህ ካምፕ የነበሩ የሶማሊያ ስደተኞች ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ በሚወጣ ኢታኖል የሚነድ ምድጃ ተሰጥቷቸው ነበር። ምድጃው አያጨስም፤ ችግሩ ነዳጁ በቋሚነት መቅረቡ ላይ ነው። ከካምፑ አስተዳደር ጋር ስብሰባ ስትቀመጡ «ምድጃ ስጡን» ብቻ ሳይሆን «የሚነደውስ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ዕጢው ሲገኝ

አሁን ወደ ሁለተኛው ጉዳይ፣ ለእኔ ወደ ዋናው። ጭሱን በግማሽ ብትቀንሱ እንኳ ከ1,000 ሴት የሁለት ሦስቷን ነገር ነው የምታቃልሉት። ዕጢ አግኝታ በሁለተኛው ሳምንት ክሊኒክ የሄደችና በስምንተኛው ወር የሄደች ሴት መካከል ያለው ልዩነት ግን የሕይወትና የሞት ነው። የጡት ካንሰር በጊዜ ከተገኘ የሚድን በሽታ ነው። ናሚቢያ፣ ናይጄሪያ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ዩጋንዳና ዛምቢያ ውስጥ የጡት ካንሰር ያለባቸውን ሴቶች የተከታተለ ጥናት ሦስት ዓመት በሕይወት የቆዩት ግማሽ ያህሉ ብቻ መሆናቸውን አግኝቷል፤ ከምክንያቶቹ ትልቁ ዘግይቶ መምጣት ነው።

ለስደተኛ ደግሞ ሌላ አጥር አለ። ካምፕ ውስጥ የካንሰር ሕክምና የለም፤ በሪፈር ነው የሚሄደው። ውድ ሕክምና ሲሆን ዩኤንኤችሲአር ጉዳዩን የሚያይ ኮሚቴ አለው፤ ኮሚቴው የሚመዝነው ሁለት ነገር ነው፦ የመዳን ተስፋዋ ምን ያህል ነው? ወጪውስ? ይህ በቁጥር የተጻፈው ዮርዳኖስ ላይ ነው። ከ2010 እስከ 2012 እዚያ ለነበረው ኮሚቴ 511 የካንሰር ማመልከቻዎች ቀርበው 246ቱ ብቻ ተፈቀዱ። ከሁሉ የበዛው የጡት ካንሰር ነበር፣ 122። ለተከለከሉት ከተሰጡት ምክንያቶች ዋነኛው «የመዳን ተስፋው ዝቅተኛ ነው» የሚል ነው። ዮርዳኖስ ከእኛ ትርቃለች፣ የበጀቱ አሠራር ግን ከእኛው ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ዕጢው ትንሽ ሳለ የቀረበች ሴት ፋይል «ትድናለች፣ ወጪዋም ያነሰ ነው» ይላል። ብብቷን አልፎ ሌላ አካል ከደረሰ በኋላ የቀረበችው ሴት ፋይል ተቃራኒውን ይናገራል። ፍትሐዊ ነው አልልም። በዚህ አጥር ውስጥ እስካለን ድረስ ግን በእጃችን ያለው ነገር ቀኑ ነው።

ለምን እንዘገያለን? አያምም ስለሚባል። እውነት ነው፣ የጡት ካንሰር መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ አያምም፤ የማያምም፣ ጠንከር ያለ፣ ቦታውን የማይለቅ ዕጢ ከሚያምመው ይበልጥ ያሳስባል። ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ይታሻል፣ ቡዳ ነው ይባላል። የምታጠባ ከሆነች «ጡት መቶኝ ነው» ትላለች፤ ሊሆን ይችላል፣ ግን መድኃኒት ተሰጥቷት በሁለት ሳምንት ካልጠፋ ተመልሳ መታየት አለባት። «ገና ልጅ ነኝ» የሚለውም አያስኬድም፤ በአፍሪካ በጡት ካንሰር ከሚያዙት ብዙዎቹ 50 ዓመት ያልሞላቸው ናቸው። ፀበል የምትሄዱ ሂዱ፤ ግን ክሊኒኩን ከፀበሉ በኋላ ሳይሆን በዚያው ሳምንት አድርጉት። ሌላው ደግሞ የማይነገረው ነው፦ ጡቴን ይቆርጡብኛል፣ ባሌ ይተወኛል የሚል ፍርሃት። በጊዜ የተገኘ ዕጢ አንዳንዴ ጡቱ ሳይወጣ ዕጢው ብቻ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ጡት ማጣትን የምትፈራ ሴት ከማንም ቀድማ መሄድ ያለባት ናት።

የሚታዩት ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ በጡት ወይም በብብት ሥር ያለ እብጠት፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት፣ ከጫፉ ደም ወይም ደም የመሰለ ፈሳሽ መውጣት፣ ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ መሆን ወይም መጨማደድ፣ አንዱ ጡት ቅርጹን ወይም መጠኑን መቀየር፣ የማይድን ቁስል። ወንዶችም ይይዛቸዋል፣ ከመቶ አንድ ያህል፤ ምልክቱ ያው ነው። አብዛኞቹ የጡት እብጠቶች ካንሰር አይደሉም፣ ይህን አትርሱ። መሆኑንና አለመሆኑን በእጅ ዳሰሳ መለየት ግን አይቻልም።

በወር አንዴ የወር አበባ ካለፈ በኋላ ስትታጠቡ በሳሙና እጃችሁ ጡታችሁንና ብብታችሁን ዳስሱ። ልዩ ዘዴ አይጠይቅም፤ የራስን መልክ ማወቅ ነው፣ የተለወጠው ነገር ቶሎ እንዲታወቅ።

ክሊኒክ ስትሄዱ «ጡቴን ያመኛል» አትበሉ፤ ፓራሲታሞል ተሰጥቷችሁ ትመለሳላችሁ። «ጡቴ ላይ ዕጢ አለ፣ ካየሁት ሦስት ሳምንት ሆኖታል፣ አልጠፋም» በሉ፤ ቀኑን ጨምሩ። ሴት መርማሪ መጠየቅ መብታችሁ ነው። አስተርጓሚ ካስፈለገ ልጃችሁን ወይም ባላችሁን አታድርጉ፣ በእነሱ ፊት ግማሹን ነው የምትናገሩት። የዳሰሰው ባለሙያ ምንም አይደለም ቢላችሁም ዕጢው ካልጠፋ ተመለሱ። የመጣችሁበት ቀን ካርዱ ላይ መጻፉን ተመልከቱ። የዓለም ጤና ድርጅት አንዲት ሴት ከታየችበት ቀን አንሥቶ በ60 ቀን ውስጥ በሽታዋ ተለይቶ መታወቅ አለበት ይላል። ይህን ቁጥር በቃላችሁ ያዙት፤ ሪፈሩ ሲጓተት «ዛሬ አርባኛ ቀኔ ነው» ማለት ከልመና ይሻላል።

ቀጥሎ ያለው ምርመራ አልትራሳውንድና ከዕጢው በመርፌ የሚወሰድ ናሙና ነው። ናሙና መውሰድ ካንሰሩን ይበትነዋል የሚባለው ሐሰት ነው፤ ያለ ናሙና ኮሚቴም ሐኪምም ምንም አይወስንም። ናሙናው ላይ የሆርሞን ምርመራ እንዲደረግ ጠይቁ። ካንሰሩ በኤስትሮጅን የሚያድግ ከሆነ ታሞክሲፈን የሚባል ርካሽ ክኒን አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት አስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለ ነው፣ ለዓመታት ይወሰዳል። ቀሪው ቀዶ ሕክምና፣ ኬሞና ጨረር ነው። ከካኩማ መንገዱ ብዙ ጊዜ በሎድዋር በኩል ወደ ኤልዶሬት ወይም ናይሮቢ ነው፤ ከካምፕ ለመውጣት የጉዞ ፈቃድ ስለሚያስፈልግ ከሪፈሩ ጋር አብሮ መጠየቅ አለበት፣ በኋላ ከሆነ ቀጠሮው ያልፋል። ዩጋንዳ ያላችሁ ካምፓላ ሙላጎ የሚገኘው፣ ከ1967 ጀምሮ ያለው የዩጋንዳ የካንሰር ተቋም አለላችሁ።

ሪፈር ከተከለከለ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። አዲስ የናሙና ወይም የአልትራሳውንድ ውጤት ከመጣ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ አመልክቱ፤ ያለ አዲስ ወረቀት ደጋግሞ መሄድ ብዙም አያመጣም። በሽታው ርቆ ከሄደም ሕመሙ መታከም አለበት። ዩጋንዳ ከ1993 ጀምሮ የሚሠራው ሆስፒስ አፍሪካ በአፍ የሚወሰድ ፈሳሽ ሞርፊን እዚያው አገር ውስጥ ተዘጋጅቶ ለካንሰር ሕመምተኞች እንዲዳረስ አድርጓል። ሞርፊን የሞት መድኃኒት ነው የሚለውን አትስሙ፤ የሕመም መድኃኒት ነው።

የናሙናውን ውጤት፣ የአልትራሳውንዱን ወረቀትና የሪፈሩን ቅጂ በስልክ ፎቶ አንሡ፤ ለምታምኑት ዘመድም ላኩለት። ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው የመጡ ሴቶች ፋይላቸው እዚያው ቀርቶባቸው ምርመራውን ከሀ እንደገና የጀመሩ አሉ።